ሰዓት የማያይ ሲስተም፦ ታይም ኢንቫሪያንት መሆኑን መፈተሽ

ታርማበር ላይ፣ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ከመውረዱ በፊት፣ ወደ ገደሉ ዞሮ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይመጣለታል። ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ 170 ሜትር ቢርቅና ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይጓዛል ብንል፣ ደርሶ መልሱ 340 ሜትር ነውና የገደል ማሚቶው ከ1 ሰከንድ በኋላ ይሰማል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብትጣሩ ከ1 ሰከንድ በኋላ፤ 3 ሰዓት ከ5 ላይ ብትጣሩም ከ1 ሰከንድ በኋላ። ገደሉ ሰዓት አያይም። ክፍል ውስጥ ታይም ኢንቫሪያንት የምንለው ባሕርይ ይኸው ነው፦ ግብዓቱን ብናዘገየው ውጤቱ መልኩን ሳይለውጥ በዚያው ልክ ይዘገያል፤ ሌላ ምንም አይሆንም።

ተጣሪው በሰከንድ 1.5 ሜትር እየተራመደ ወደ ግድግዳው ቢጠጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ10 ሰከንድ በኋላ 15 ሜትር ቀርቧል፤ ደርሶ መልሱ በ30 ሜትር አጥሯል፤ ማሚቶው ወደ 0.91 ሰከንድ ገደማ ወርዷል። ያው ቃል፣ ያው ጉሮሮ፣ ያው ገደል፤ የተጠራበት ጊዜ ስለተለየ ብቻ ውጤቱ ተለየ። ይህ ታይም ቫሪያንት ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ገና ከዚህ ነው፤ የሲግናሉ (የሚገባውና የሚወጣው ነገር) መለዋወጥና የሲስተሙ (ግብዓቱን ተቀብሎ ውጤት የሚሰጠው) መለዋወጥ ይምታቱበታል። በሰሜን ሸዋ ደጋ የበልግ ዝናብና የክረምት ዝናብ አይመሳሰሉም። በሁለቱም ወቅት ያንኑ የ3 ቀን አማካይ የሚያወጣ ማጣሪያ ግን አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገባለት ነገር ነው። «በሐምሌና በነሐሴ አጣራ፣ በሌላው ጊዜ እንዳለ አሳልፍ» የተባለ ማጣሪያ ከሆነ ቀን መቁጠሪያ ያያል፤ እሱ ነው ታይም ቫሪያንቱ።

አሁን በወረቀት እንሥራው። ሲግናሉን በእኩል ጊዜ ልዩነት እየለካን የምናገኘውን እያንዳንዱን ዋጋ ናሙና እንለዋለን። ለግብዓት ግ፣ ለውጤት ው፣ ለናሙና ቁጥር ቁ፣ ለመዘግየቱ ልክ ዘ እንበል። ግ[ቁ−ዘ] ማለት በዘ ናሙና የዘገየ ግብዓት ነው።

ፈተናው ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው አዘግይተን እናሳልፋለን፦ ግብዓቱን በዘ ናሙና አዘግይተን ለሲስተሙ እንሰጠዋለን። በሁለተኛው አሳልፈን እናዘገያለን፦ ዋናውን ግብዓት ለሲስተሙ ሰጥተን የወጣውን ውጤት በዘ እናዘገየዋለን። ሁለቱ መንገዶች ለማንኛውም ግብዓትና ለማንኛውም ዘ አንድ ቦታ ካደረሱን ሲስተሙ ታይም ኢንቫሪያንት ነው። አንድ ግብዓትና አንድ ዘ እንኳ ካለያያቸው አይደለም። ስለዚህ «አይደለም» ለማለት አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ «ነው» ለማለት ግን ምሳሌ ቢደረደር አይበቃም፣ በፊደል መሥራት ግድ ነው።

በፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ የሚያስቀንሰው ስህተት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ በሁለቱም መንገድ ቁ ያለበትን ሁሉ በቁ−ዘ መተካት። እንዲህ ከተሠራ ሁለቱ መንገዶች ምንጊዜም እኩል ይሆናሉ፤ የዓለም ሲስተም ሁሉ ታይም ኢንቫሪያንት ሆኖ ያርፋል። ሕጉ ይህ ነው። በሁለተኛው መንገድ ቁ ያለበትን ሁሉ ተኩ፣ ምክንያቱም የዘገየው ውጤቱ እንዳለ ነው። በአንደኛው መንገድ ግን የዘገየው ግብዓቱ ብቻ ነው፤ ሲስተሙ በራሱ የያዘው ቁ አይነካም። ለጥንቃቄ አዲስ ስም ማውጣት ይሻላል፦ ሸ[ቁ] = ግ[ቁ−ዘ] በሉ፤ ግ ባለበት ቦታ ሸ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሸን ፍቱት። ይህቺን አንዲት መስመር የሚዘል ሰው ነው የሚሳሳተው።

በ ው[ቁ] = ቁ × ግ[ቁ] እንሞክረው። አንደኛው መንገድ ቁ × ሸ[ቁ]፣ ማለትም ቁ × ግ[ቁ−ዘ] ይሰጣል። ሁለተኛው (ቁ−ዘ) × ግ[ቁ−ዘ] ነው። ተለያዩ። በቁጥር ማየት ለሚወድ፦ ቁ = 0 ላይ ብቻ 1 የሆነ፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ የሆነ ግብዓት (ኢምፐልስ) ስጡት፤ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ነው። ኢምፐልሱን ወደ ቁ = 1 አዘግዩት፤ ውጤቱ እዚያ ላይ 1 ይሆናል። ዜሮን ብታዘገዩት ያው ዜሮ ነው፣ 1 አይወጣውም።

ው[ቁ] = ግ[2ቁ]፣ ማለትም ከየሁለት ናሙና አንዱን የሚጥለው፣ የበለጠ ያታልላል፤ ከቅንፉ ውጭ ቁ የለማ። አንደኛው መንገድ ሸ[2ቁ] ነው፤ ሸ ውስጥ ካለው ላይ ዘ ስንቀንስ ግ[2ቁ−ዘ] ይሆናል። ሁለተኛው ው[ቁ−ዘ] = ግ[2(ቁ−ዘ)] = ግ[2ቁ−2ዘ] ነው። አይገናኙም። ኢምፐልስ ቁ = 0 ላይ ቢገባ ይወጣል፤ ቁ = 1 ላይ ቢገባ ይጣላል፣ ምንም አይወጣም። ጎደሎና ሙሉ እየቆጠረ ነው፤ መቁጠር ደግሞ ሰዓት ማየት ነው። ግ[−ቁ]ም እንዲሁ ይወድቃል፦ አንደኛው መንገድ ግ[−ቁ−ዘ]፣ ሁለተኛው ግ[−ቁ+ዘ]። ግብዓቱን ወደ ኋላ ስትገፉት ውጤቱ ወደ ፊት ይሮጣል።

የሚያልፉትን ቶሎ እንለፋቸው። የሦስት ናሙና አማካይ፣ (ግ[ቁ] + ግ[ቁ−1] + ግ[ቁ−2]) ÷ 3፣ ያልፋል። የገደል ማሚቶው፣ ግ[ቁ] + 0.5 × ግ[ቁ−8000]፣ በሰከንድ 8,000 ናሙና ስንወስድ የ1 ሰከንዱ መዘግየት ነው፤ ያልፋል። ስኩዌሩም፣ ግ[ቁ] × ግ[ቁ]፣ ያልፋል። ሊኒየር (ግብዓቶቹ ሲደመሩ ወይም ሲባዙ ውጤቱም በዚያው ልክ የሚደመርና የሚባዛ) አለመሆኑ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። በድምፅ መቅረጫ ውስጥ ያለው ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ድምፅ መጠን ያዥም ብዙዎች «እየተለወጠ ነውና ታይም ቫሪያንት ነው» ይሉታል። አይደለም። መጠኑን የሚለውጠው ሰዓቱ ሳይሆን የገባው ድምፅ ነው፤ ከፀጥታ ተነሥቶ ያው ድምፅ ዘግይቶ ቢመጣለት ያንኑ ያደርጋል፣ ዘግይቶ። ሊኒየር ግን አይደለም።

አሁን ወደሚያከራክረው። ው[ቁ] = ግ[ቁ] × ኮሳይን(0.2π × ቁ)፣ ሞዱሌተር፣ ታይም ቫሪያንት ነው? መልሱ ሲስተም የምትሉትን ሳጥን ድንበር የት እንዳሰመራችሁ ይወሰናል። ኮሳይኑን የሚያመነጨው ኦስሌተር ሳጥኑ ውስጥ ካለ፣ አዎ፤ ግብዓቱ ሲዘገይ ኮሳይኑ አይዘገይም። ኮሳይኑ ከውጭ የሚገባ ሁለተኛ ግብዓት ከሆነና ሁለቱም አብረው የሚዘገዩ ከሆነ ግን ሳጥኑ ማባዣ ብቻ ነው፤ ማባዣ ሰዓት አያይም። የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍም ያው ነው፤ የሚያዞረው ጣት ከድንበሩ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ጥያቄው ሳይሟላ መልስ መስጠት ስህተት ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ጥያቄ ይህን ሳይናገር አንድ ግብዓት ብቻ ካሳየ ኦስሌተሩን ውስጥ አድርጉት።

ይህ ሞዱሌተር ሌላም ወጥመድ አለው። የኮሳይኑ ዙር 10 ናሙና ነው። በዘ = 10 ወይም በዘ = 20 ብቻ የሞከረ ሰው ሁለቱ መንገዶች ልክ ሲገጥሙ ያይና «አለፈ» ይላል። በዘ = 3 ይወድቃል።

ከዝናብ መለኪያ የተሻለ የዚህ ማሳያ የለም። ባልዲው ላይ የወረደውን እየደመረ፣ እኩለ ሌሊት (6 ሰዓት) ሲሆን ደግሞ ወደ ዜሮ የሚመለስ ቆጣሪ አስቡ። ደብረ ብርሃን ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር በእኩል መጠን ዘነበ እንበል። ቆጣሪው ለመጀመሪያው ቀን 15፣ ለሁለተኛው 15 ይመዘግባል። ያው ዝናብ በ4 ሰዓት ቀድሞ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ቢወርድ ኖሮ በአንድ ቀን 30 ይመዘገባል። ዝናቡ አንድ፣ መዝገቡ ሁለት። ቀኑን እንደ ሀገራችን አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ብንጀምረው ይህኛው ዝናብ አይቆረጥም፤ ከንጋቱ 10 ሰዓት ጀምሮ የሚዘንበው ግን ይቆረጣል። ዜሮ የሚመታበትን ሰዓት ማዛወር ችግሩን ያዛውረዋል እንጂ አያነሣውም። በየሰዓቱ «ያለፉት 24 ሰዓታት ድምር ስንት ነው?» የሚል ተንሸራታች ድምር ብትጠቀሙ ግን በሁለቱም ሁኔታ ከፍተኛው 30 ነው፤ እሱ ታይም ኢንቫሪያንት ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚሠራ ሰው የቱን መምረጥ እንዳለበት ግልጽ ነው።

ዕለታዊው ቆጣሪ በትክክል በ24 ሰዓት ብታዘገዩት ያልፋል፤ እንደ ሞዱሌተሩ ዙር አለውና። ወርኃዊ ድምር ደግሞ ይብሳል። የእኛ 12 ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ ግብዓቱን በ30 ቀን ብታዘገዩ ውጤቱ በአንድ ወር የሚዘገይ ይመስላል፤ ጳጉሜን እስኪደርስ ድረስ። በ5 ወይም በ6 ቀኗ ላይ ይሰበራል። በፈረንጆቹ ቀን መቁጠሪያ እንዲህ ለ12 ወር የሚዘልቅ እርምጃ እንኳ አይገኝም፤ ወራቱ 28 ወይም 29፣ 30፣ 31 እያሉ ይለዋወጣሉ።

በኮምፒዩተር ውስጥም ዕለታዊ ቆጣሪ በየቦታው ተደብቋል። ሲግናልን 256 ናሙና በ256 እየቆረጠ የየቁራጩን ጉልበት የሚያወጣ ፕሮግራም እኩለ ሌሊት አለው፤ የሚደርሰው በየ256 ናሙና ነው። የኤም ፒ 3 መጭመቂያም በ1,152 ናሙና ፍሬም ይሠራል፤ ድምፁን በ100 ናሙና አዘግይታችሁ ብትጨምቁት ተፈትቶ የሚወጣው የመጀመሪያው ውጤት በ100 የዘገየ ብቻ አይሆንም፤ ልዩነቱ ለጆሮ ባይሰማም በቁጥር ይታያል። ሆኖም «በቁራጭ ይሠራል» ማለት ብቻውን ወንጀል አይደለም። ኦቨርላፕ አድ በሚባለው ዘዴ በትክክል የተሠራ ማጣሪያ ቆርጦ ቢሠራም የቁራጮቹ ጅራት ተደራርቦ ስለሚደመር ውጤቱ የቁራጩን ወሰን አያውቀውም። ጅራቱን መደመር የረሳ ፕሮግራመር ግን ታይም ቫሪያንት ማጣሪያ ሠርቷል፣ ሳያውቀው።

የመነሻ ሁኔታም እንዲሁ የተደበቀ ሰዓት ነው። ከቁ = 0 ጀምሮ የሚደምር ደማሪ፣ ከዜሮ በፊት ግብዓት ካለ፣ ይወድቃል፦ አንደኛው መንገድ ከ−ዘ እስከ ቁ−ዘ ይደምራል፣ ሁለተኛው ከ0 እስከ ቁ−ዘ። ድምሩ ከመነሻ አልባው ከወዲያኛው ጫፍ የሚጀምር ከሆነ ያልፋል። ው[ቁ] = 0.9 × ው[ቁ−1] + ግ[ቁ] የሚለው ማጣሪያም በዕረፍት ላይ፣ ማለትም ትውስታው ዜሮ ሆኖ፣ ከተነሣ ያልፋል፤ ው[−1] = 5 ብላችሁ ካስነሣችሁት አያልፍም፤ ያ 5 ግብዓቱ መቼም ይምጣ መች ቁ = 0 ላይ መርገፍ ይጀምራል።

የተጻፈ ቀመር በሌለበት፣ ሲስተሙ ፕሮግራም ወይም ዕቃ ሲሆን፣ ፈተናው ልኬት ይሆናል። በፓይተን ወይም በኦክቴቭ ሲሠራ እንዲህ ነው የምመክረው። ግብዓታችሁ የዘፈቀደ ኖይዝ ይሁን፤ 2,000 ናሙና ይበቃል። ቋሚ ቁጥር አትስጡ፤ ብታዘገዩትም ያው ነውና እንደ ግ[2ቁ] ያለውን አትይዙትም። ሳይን ዌቭም ዙሩ ከዘ ጋር ከገጠመ ያው ነው። ከፊትና ከኋላ ሲስተሙ ከሚያስታውሰው በላይ ዜሮ ጨምሩ፦ ባለ 64 ኮፊሸንት ማጣሪያ ከሆነ ቢያንስ 64፤ በ0.99 እየቀነሰ የሚያስታውስ ከሆነ ወደ ሚሊዮንኛ ለመውረድ 1,375 ናሙና ገደማ ያስፈልገዋል። ለዘ 1፣ 7፣ 13፣ 101ን የመሰሉ እርስ በርስ የማይካፈሉ ቁጥሮች ውሰዱ። ቁራጩ 256 በሆነ ሲስተም በ256ና በ512 ብቻ መሞከር ራስን ማታለል ነው።

ማዘግየቱ የሚደረገው ከፊት ዜሮ በመጨመር ነው። በነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ቤተ መጻሕፍት) ሮል የሚባለው ትእዛዝ ከጫፍ የወደቀውን ወደ መጀመሪያ ያዞረዋል፤ ኋላ ዜሮ ካልተረፈ በስተቀር ጤነኛውን ሲስተም በሐሰት ይከስሰዋል። ከሁለት ሩጫ መካከል የማጣሪያውን ትውስታ አጽዱ፤ የፊተኛው ሩጫ ትራፊ ለሁለተኛው መነሻ ከሆነ የምትለኩት ያንን ነው። ፕሮግራሙ በውስጡ የራሱ ዘፈቀደ ቁጥር ካለው (ለምሳሌ ዲዘር፣ ሆን ተብሎ የሚጨመር ጥቂት ኖይዝ) የቁጥሮቹን መነሻ ዘር በሁለቱም ሩጫ አንድ አድርጉት ወይም ዘፈቀደውን አጥፉት።

ልዩነቱ ስንት ሲሆን «እኩል ነው» ይባላል? በድርብ ትክክለኝነት በሚሠራ ፕሮግራም ከሲግናሉ መጠን ጋር ሲነጻጸር ከ10⁻¹² በታች ከሆነ የማጠጋጋት ትርፍ ነው፣ ተዉት። 10⁻³ ካያችሁ ማጠጋጋት አይደለም፣ ፈልጉ። ልዩነቱን በግራፍ አውጡት፦ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ የዜሮ ማነስ ነው፤ በየ256 ናሙና ከሆነ የቁራጭ ወሰን ነው፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ እየረገፈ ከሄደ የመነሻ ሁኔታ ነው። ግራፉ ጥፋተኛውን በጣት ያሳያል።

ዕቃ ሲሆን መጀመሪያ ሳታዘገዩ ያንኑ ግብዓት ሁለት ጊዜ አሳልፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኖይዛችሁ ወለል ነው፤ ከእሱ በታች ያለ ነገር ላይ ፍርድ አይሰጥም። የሚያጫውተውና የሚቀርጸው አንድ የድምፅ ካርድ ይሁን። ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ሰዓታቸውን የሚመታው ክሪስታል ከሚሊዮን በ50 ቢለያይ በ48,000 ናሙና በሰከንድ ሲቀርጹ በየሰከንዱ 2.4 ናሙና ይንሸራተታሉ፤ በ1 ደቂቃ 144። ጤነኛ ሲስተም ታይም ቫሪያንት ይመስላል። ይህን ለማስተካከል ብሎ ሁለቱን ቅጂዎች በኮሪሌሽን (የትኛው መዘግየት ይበልጥ እንደሚያመሳስላቸው በመፈለግ) ማገጣጠም ደግሞ የባሰ ነው፤ የምትለኩትን መንሸራተት ራሱን ትሰርዙታላችሁ። አንዱን ቻናል በቀጥታ ሽቦ መልሱትና በእሱ አስተካክሉ።

ሙቀትስ? ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀትሩ ፀሐይ ነው። 10 ኪሎ ኦምና 1 ማይክሮ ፋራድ ያለው ማጣሪያ መቁረጫው (ማሳነስ የሚጀምርበት ፍሪኩዌንሲ) 15.9 ሄርዝ ነው፤ ካፓሲተሩ በሙቀት ለውጥ 5 በመቶ ቢቀንስ 16.8 ይሆናል። የታርማበሩ ማሚቶም እንደዚያው ነው፦ በ0 ዲግሪ ድምፅ በሰከንድ 331 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ለ340 ሜትር ደርሶ መልስ 36 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ልዩነት ይመጣል፤ በ8,000 ናሙና ሲቆጠር ከ280 በላይ። እንግዲህ መጀመሪያ ላይ «ሰዓት አያይም» ያልነው ገደል በቀን ሚዛን ያያል። በ5 ደቂቃ ሚዛን አያይም። ማንኛውም እውነተኛ ዕቃ እንዲሁ ነው፤ ታይም ኢንቫሪያንት ነው ስንል ሲግናሉ በሚቆይበትና ሲስተሙ በሚያስታውሰው ጊዜ ውስጥ አይለወጥም ማለታችን ነው። የ10 ሚሊ ሰከንድ ትውስታ ላለው ያ ማጣሪያ የአንድ ጠዋት ሙቀት ዘላለም ነው።

ጊዜ ለሌለው ሰው አንድ አቋራጭ አለ። ሊኒየርና ታይም ኢንቫሪያንት የሆነ ሲስተም የገባለትን ፍሪኩዌንሲ መጠኑንና ፌዙን ይለውጥ ይሆናል እንጂ አዲስ ፍሪኩዌንሲ አይወልድም። 37 ሄርዝ ሳይን አስገቡና ስፔክትረሙን፣ ማለትም በውጤቱ ውስጥ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች፣ እዩ። 37 ብቻ ካለ ደህና ምልክት ነው፤ በሌሎች ፍሪኩዌንሲዎችም ድገሙት። 74ና 111 ካሉ የተጠረጠረው ሊኒየርነቱ ነው። 27ና 47 ካሉ በውስጡ በ10 ሄርዝ የሚመላለስ ነገር አለ፤ ታይም ቫሪያንት ነው። 13ና 87 ከታዩ የ50 ሄርዙ መብራት ከሲግናላችሁ ጋር እየተባዛ ነው፤ 50 ብቻውን ከታየ ግን ተደምሮ የገባ ሀም (የመብራት እምምታ) ነውና የሽቦ ጉዳይ ነው። መፈተሻውን 50 ሄርዝ ማድረግ አይገባም፤ በ50 ሲባዛ የሚወልደው 0ና 100 ነው፣ ስኩዌር የሚወልደውም ያው 0ና 100 ነው፣ የትኛው ጥፋት እንደሆነ መለየት አይቻልም።